ስክሪን ሪደር «41» ብቻ ሲል፦ ውስብስብ ሰንጠረዥን ለጆሮ ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «የምሠራበት ድርጅት የሠልጣኞችን ቁጥር በድረ ገጽ ያወጣል። ሰንጠረዡ ከላይ ሁለት የርዕስ ረድፎች አሉት። በመጀመሪያው ላይ ‹አንደኛ ዓመት› እና ‹ሁለተኛ ዓመት› ይላል፤ በየሥራቸው ደግሞ ‹ሴት›፣ ‹ወንድ›፣ ‹ድምር› አለ። በግራ በኩል አራት የሥልጠና ዘርፎች አሉ፤ እያንዳንዱ ዘርፍ መሠረታዊ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብሎ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። ዓይነ ስውር የሆነ ባልደረባዬ ‹ቁጥር ብቻ ነው የምሰማው፤ የምን እንደሆነ አላውቅም› አለኝ። ርዕሶቹን ቲሄድ (የሰንጠረዡን የላይኛ ረድፎች የሚይዝ ኮድ) ውስጥ አስገብቼ አድምቄያቸው ነበር። ስላልሠራ በየሴሉ ላይ በአሪያ ሌብል፣ ማለትም በማይታይ፣ ለስክሪን ሪደር በሚነገር ስያሜ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። በታብ እንዲደረስበትም ታብ ኢንዴክስ ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ‹ጭራሽ ባሰበት› አለኝ። ሄደርስና አይዲ ልጠቀም? ወይስ ለእሱ የተለየ የጽሑፍ ገጽ ባዘጋጅ ይሻላል?»

ባልደረባዎ እውነታቸውን ነው፤ ብሶበታል። መጀመሪያ ቁጥሩ ስም አልነበረውም። አሁን ደግሞ ስሙ ቁጥሩን ውጦታል።

መፍትሔውን ቀድሜ ልንገርዎት። ሰንጠረዡን ይከፋፍሉት። ሄደርስና አይዲ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቁጥር ከርዕሶቹ ጋር በኮድ ማገናኘት፣ መከፋፈል በጭራሽ ካልተቻለ ብቻ የሚመጣ ነው። የተለየ ገጽ የሚለውን ሐሳብ ግን ከነጭራሹ ይተዉት።

ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ገጹን አያይም። ብራውዘሩ ከኮዱ ተነሥቶ የሚያዘጋጅለትን መዋቅር ነው የሚያነበው። ደማቅ ፊደል፣ የጀርባ ቀለም፣ ወፍራም መስመር፣ መሐል ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ በዚያ መዋቅር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ርዕሶቹን ማድመቅዎ ለባልደረባዎ ምንም አልጨመረላቸውም።

ቲሄድም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ቲሄድ ረድፎችን በአንድ ላይ ይሰበስባል እንጂ ሴልን ርዕስ አያደርግም። ርዕስ የሚያደርገው ቲኤች የሚባለው ታግ (የኮድ ምልክት) ነው። በቲሄድ ውስጥ ቲዲ (የተራ ዳታ ሴል ታግ) ካስቀመጡ፣ ስክሪን ሪደሩ ያንን ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ዳታ ነው የሚያየው። እንዲያውም ከዚህ የባሰም አለ። ሰንጠረዡ አንድም ቲኤች ከሌለው ብራውዘሩ «ይሄ ለገጽ አቀማመጥ የተሠራ ነው» ብሎ ሊገምት ይችላል። ያኔ ስክሪን ሪደሩ ሰንጠረዥ መኖሩንም ሳይናገር ጽሑፉን በተራ ያነበንበዋል።

አሁን የተጠቃሚውን እጅ እንከተል። በዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲኤ ወይም ጆውስ የሚባለውን ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ቲ ፊደልን ሲጫን ወደ ቀጣዩ ሰንጠረዥ ይዘላል። ውስጥ ከገባ በኋላ ኮንትሮልና ኦልትን ይዞ በቀስቶቹ ከሴል ሴል ይሄዳል። ማክ ላይ ቮይስኦቨር የሚባለው ስክሪን ሪደር በኮንትሮልና ኦፕሽን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ወደ ጎን ሲሄድ አዲሱ የዓምድ ርዕስ ይነበብለታል። ወደ ታች ሲወርድ አዲሱ የረድፍ ርዕስ ይነበብለታል። ያልተለወጠው አይደገምም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰሚው የሚነገረው ካለፈው ሴል የተለየውን ብቻ ነው፤ የቀረውን በአእምሮው ይዞታል።

የእርስዎ ሰንጠረዥ 14 ረድፎችና 8 ዓምዶች አሉት። ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ስድስተኛው ዓምድ ውስጥ 41 የሚል ቁጥር አለ እንበል። በኤሌክትሪክ ዘርፍ፣ በመካከለኛ ደረጃ፣ በሁለተኛው ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ሥሪትዎ ባልደረባዎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲደርሱበት የሰሙት «ዓምድ 6፣ 41» ነው። በቃ። ስድስተኛው ዓምድ ምን እንደሆነ ለማወቅ ስድስት ረድፍ ወደ ላይ ወጥተው መመለስ አለባቸው። ከዚያ ዘርፉን ለማወቅ ወደ ግራ ይሄዳሉ። እዚያም የዘርፉ ስም ሦስት ረድፍ ይዞ በተዋሃደ ሴል ውስጥ ነው። ሲመለሱ ቁጥሩን ረስተውታል። ማንም ይረሳል።

በሁለተኛው ሥሪትዎ ደግሞ ይህን ሰሙ፦ «በኤሌክትሪክ ዘርፍ በመካከለኛ ደረጃ በሁለተኛው ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ቁጥር 41»። አንዴ ሲሰሙት ግሩም ይመስላል። ወደ ታች አንድ ሴል ሲወርዱ ግን ያው ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቃል ብቻ ተቀይሮ፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሚፈለገው ቁጥር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። የለመደ ተጠቃሚ ስክሪን ሪደሩን በከፍተኛ ፍጥነት ነው የሚያዳምጠው፤ የሚፈልገውን እንደሰማ አቋርጦ ያልፋል። እርስዎ ማቋረጫ አላስቀሩላቸውም። በብሬይል ማሳያ (ጽሑፍን በጣት በሚዳሰሱ ነጥቦች በሚያወጣ መሣሪያ) ለሚያነብ ሰውማ ይብስበታል፤ 40 ቦታ ባለው ማሳያ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሞልቶ ቁጥሩ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይገፋል።

ሌላም አደጋ አለው። አሪያ ሌብል በሴሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ይተካል እንጂ አይጨምርበትም። በሚቀጥለው ወር አንድ ሰው ቁጥሩን ወደ 43 ቀይሮ ሌብሉን ቢረሳ፣ የሚያየው ሰው 43 ያያል፤ የሚሰማው 41 ይሰማል። ስሕተቱን ደግሞ ማንም አያገኘውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው የለማ። እባክዎ ከሁሉም ሴሎች ላይ ያንሡት።

ታብ ኢንዴክሱንም እንዲሁ። ታብ የሚጫኑና የሚሞሉ ነገሮችን ለማግኘት ነው፤ ሊንክ፣ ቁልፍ፣ የጽሑፍ ሳጥን። ሰንጠረዥ ለማንበብ አይደለም። 72 የዳታ ሴሎች አሉዎት። በእጅ ችግር ምክንያት ማውዝ የማይጠቀምና በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው ከሰንጠረዡ በታች ያለውን ሊንክ ለመድረስ 72 ጊዜ ታብ መጫን ይኖርበታል። አንዱን እንረዳለን ብለን ሌላውን አስቸገርን ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰንጠረዡ ውስብስብነት ከመረጃው የመጣ አይደለም። መረጃው የሚመልሰው አራት ጥያቄ ነው፦ የትኛው ዘርፍ፣ የትኛው ደረጃ፣ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ፆታ። ገጽ ግን ያለው ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወደ ታችና ወደ ጎን። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለቱን በሌላው አጣጠፋቸው። ቦታ ለመቆጠብ ነው። ዓይን እጥፋቱን በአንድ እይታ ይፈታዋል። ጆሮ ግን አራት ስሞች ተሸክሞ አምስተኛውን፣ ቁጥሩን፣ መቀበል አለበት። ስለዚህ ኮዱን ከማስተካከል በፊት እጥፋቱን መፍታት ይቀድማል።

የእርስዎን ሰንጠረዥ እኔ ብሠራው እንዲህ አደርገዋለሁ። አራቱን ዘርፎች አራት ሰንጠረዥ አደርጋቸዋለሁ። እያንዳንዱ በራሱ ንዑስ ርዕስ ሥር ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው ኤች ፊደልን እየተጫነ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ መዝለል ይችላል። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ አንድ የርዕስ ረድፍና ሦስት የዳታ ረድፎች ብቻ ይኖሩታል፤ ለሦስቱ ደረጃዎች። ከላይ ያሉትን ሁለት የርዕስ ረድፎች ደግሞ ወደ አንድ አወርዳቸዋለሁ። «ሁለተኛ ዓመት» እና «ሴት» የሚሉት አንድ ርዕስ ይሆናሉ፦ «ሴት፣ 2ኛ ዓመት»። የተዋሃደ ሴል አይኖርም። እያንዳንዱ ቁጥር በትክክል አንድ የዓምድ ርዕስና አንድ የረድፍ ርዕስ አለው። ዘርፉን ተጠቃሚው ሲገባ ሰምቶታል፤ ከሰንጠረዡ እስኪወጣ አይለወጥም።

«ሴት»ን ለምን ከፊት አስቀደምኩ? ወደ ጎን ሲሄዱ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው እሱ ስለሆነ ነው። ሰሚው የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ የት እንዳለ ካወቀ ቀሪውን ማዳመጥ ላያስፈልገው ይችላል። «በሁለተኛው ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ብዛት» የሚል ረጅም ርዕስ ግን በየእርምጃው ይደገማል። ርዕስ ይጠር፤ ግን አይቀንጠስ። «ሴ.2» ብለው ቢያሳጥሩት ስክሪን ሪደሩ ያነበዋል፤ ሰው ግን አይገባውም።

ኮዱ እዚህ ላይ ሲደርስ ቀላል ነው። ከቴብል ታጉ ቀጥሎ ካፕሽን ያስገቡና ስሙን ይጻፉ፦ «የኤሌክትሪክ ዘርፍ ሠልጣኞች በደረጃ፣ በዓመትና በፆታ»። ካፕሽን ለሰንጠረዡ ስም ይሆነዋል፤ ተጠቃሚው ከሰንጠረዥ ሰንጠረዥ ሲዘል የሚሰማው እሱን ነው። አራቱም ካፕሽኖች «የሠልጣኞች ቁጥር» ብለው ከጀመሩ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ መለያውን ያስቀድሙ። በመጀመሪያው ረድፍ ያሉት ሁሉ ቲኤች ይሁኑ፤ ርዕሱ የዓምድ ወይም የረድፍ መሆኑን የሚናገረው ስኮፕ የሚለው አትሪቢዩት (በታጉ ላይ የሚጻፍ ተጨማሪ መግለጫ) ኮል ይባል። በየረድፉ መጀመሪያ ያለው የደረጃ ስምም ቲኤች ይሁን፤ ስኮፑ ሮው ይባል። የቀሩት ቁጥሮች ቲዲ ናቸው። ግራ ጥግ ላይ ያለችውን ሴል ባዶ አይተዉአት፤ «ደረጃ» ብለው ይጻፉባት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የረድፉን ርዕስ ነው። የዓምዱን ቲኤች አድርጎ የግራውን ዓምድ ቲዲ ይተወዋል። ውጤቱ ወደ ጎን ሲሄዱ ጥሩ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን «ረድፍ 3፣ 41»፣ «ረድፍ 4፣ 28» ይሆናል። ግማሽ ሥራ ነው።

«ሰንጠረዡ ከተከፋፈለ የሚያዩት አንባቢዎች ዘርፎቹን እንዴት ያነጻጽራሉ?» የሚል ተቃውሞ ከአለቃ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ አምስተኛ ሰንጠረዥ ነው፤ ትንሽዬ ማጠቃለያ። አራት ረድፍ ለአራቱ ዘርፎች፣ ሁለት ዓምድ ለሁለቱ ዓመታት፣ ውስጡ ድምር ብቻ። ከአራቱ በፊት ይቀመጥ። አብዛኛው አንባቢ፣ የሚያየውም የማያየውም፣ ከዚያ ማለፍ አይፈልግም። ዝርዝር የሚፈልገው ወደሚፈልገው ዘርፍ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ለሚያዩትም ምቹ አልነበረም፤ በስልክ ስምንት ዓምድ ማን ያነባል?

አንዳንዴ ግን መከፋፈል አይቻልም። በሕግ ወይም በውል ቅርጹ የተወሰነ ሪፖርት ይኖራል። የታተመ ሰነድ እንዳለ መቅረብ ያለበት ጊዜም አለ። ያኔ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ስኮፕን በቡድን መጠቀም ነው። «ሁለተኛ ዓመት» የሚለው ሦስት ዓምድ ስለሚሸፍን ስኮፑ ኮልግሩፕ ይባላል። «ኤሌክትሪክ» ሦስት ረድፍ ስለሚሸፍን ሮውግሩፕ ይባላል። ግን እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቃሉን መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ቡድኑ ራሱ በኮዱ ውስጥ መኖር አለበት። ኮልግሩፕ የሚለውን ታግ ካፕሽኑ ሥር አስገብተው ሦስቱን ዓምዶች በአንድ ማሰር ይኖርብዎታል። ለረድፎቹ ደግሞ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ቲቦዲ (ረድፎችን በቡድን የሚይዝ ታግ) ይኑረው። አሥራ ሁለቱንም ረድፍ በአንድ ቲቦዲ ውስጥ ከትተው ስኮፑን ሮውግሩፕ ካሉት፣ በኤችቲኤምኤል ደንብ መሠረት «ኮምፒውተር» የሚለው ርዕስ ከሥሩ ላሉት ዘርፎች ሁሉ ይሠራል ማለት ነው። ባልደረባዎ በኤሌክትሪክ ረድፍ ላይ ሆነው «ኮምፒውተር» ሊሰሙ ይችላሉ። ከዝምታ የከፋው የተሳሳተ ርዕስ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የጠየቁት ሄደርስና አይዲ ነው። ለእያንዳንዱ ቲኤች ልዩ አይዲ ይሰጡታል። ከዚያ በእያንዳንዱ ቲዲ ላይ ሄደርስ በሚለው አትሪቢዩት ውስጥ የሚመለከቱትን አይዲዎች በክፍተት እየለዩ ይዘረዝራሉ። ግምት የሚባል ነገር የለውም፤ ብራውዘሩ እርስዎ ያሉትን ይይዛል። ጥንካሬው ይኸው ነው። ድካሙን ደግሞ ይቁጠሩት፦ 72 ሴሎች፣ ለእያንዳንዱ አራት ርዕስ፤ 288 ማጣቀሻዎች። በእጅ የሚጻፍ ነገር አይደለም። አንድ ረድፍ መሐል ላይ ቢጨመር ወይም አንድ አይዲ በገጹ ላይ ቢደገም ሰንጠረዡ ዝም ብሎ መዋሸት ይጀምራል። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ማጣቀሻዎቹን ፕሮግራም ከዳታው ላይ የሚያወጣልዎ ከሆነ ይጠቀሙበት። በእጅ ከሆነ አይጀምሩት።

በሁለቱም መንገድ የሚቀር ገደብ አለ። ስክሪን ሪደሮችና ብራውዘሮች ባለ ብዙ ደረጃ ርዕሶችን የሚያነቡበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። በኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤና ጆውስ ደህና ይሠራሉ። በስልክ ላይ ግን ውጤቱ ያልተጠበቀ ነው፤ አንዳንዴ ከሁለቱ የዓምድ ርዕሶች አንዱ ብቻ ይነበባል። ቀላል ሰንጠረዥ ግን ሁሉም ጋ ይሠራል። መከፋፈልን የማስቀድመው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

በሳመሪ አትሪቢዩት ስለ ሰንጠረዡ ማብራሪያ መጻፍ ይቻላል የሚል ምክር በድሮ ጽሑፎች ላይ ያገኙ ይሆናል። በ1999 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4.01 ላይ ነበረ። በኤችቲኤምኤል 5 ቀርቷል። ዋናው ጉድለቱ ለማንም የማይታይ መሆኑ ነበር። ማብራሪያ ካስፈለገ ከሰንጠረዡ በፊት በሚታይ ጽሑፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ሰንጠረዡ ሁለት ዓመታትን ያነጻጽራል፤ በእያንዳንዱ ሥር ሴት፣ ወንድና ድምር አለ» ማለት ለሁሉም ይጠቅማል። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ደግሞ ፍሬ ነገሩን መናገር ነው። የሚያይ ሰው ሰንጠረዡን ሲቃኝ የትኛው ቁጥር ጎልቶ እንደወጣ ወዲያው ያስተውላል። ሰሚው ያንን ለማግኘት ሁሉንም ሴል መዞር አለበት። ኮዱ የቱንም ያህል ቢስተካከል ይህን ልዩነት አይዘጋውም። «በአራቱም ዘርፎች የሴቶች ቁጥር ጨምሯል፤ ጭማሪው የበዛው በኤሌክትሪክ ነው» የሚል አንድ መስመር ግን ይዘጋዋል፤ እውነት ከሆነ ማለቴ ነው።

ኮዱ ልክ ሆኖ ሳለ ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ። ቀዳሚው ሲኤስኤስ፣ የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ ነው። ሰንጠረዡ በስልክ እንዲያምር ብለው ዲስፕሌይ የሚለውን ወደ ብሎክ ወይም ፍሌክስ ከቀየሩት፣ ብራውዘሩ ሰንጠረዥነቱን ሊረሳው ይችላል። ቲኤቹ ኮድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ስኮፑም እያለ፣ ስክሪን ሪደሩ ጋ የሚደርሰው ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ብራውዘሮች በዚህ ተሻሽለዋል፤ እኔ ግን አላምናቸውም። ከመቀየር ይልቅ ሰንጠረዡን ወደ ጎን በሚንሸራተት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። ለሳጥኑ ታብ ኢንዴክስ ዜሮ፣ ሮል ሪጅን (የገጹ አንድ ክፍል መሆኑን የሚናገር)፣ ስሙን ደግሞ ከካፕሽኑ ይስጡት፤ ያኔ በኪቦርድም ይንሸራተታል። ታብ ኢንዴክስ እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ ካለው ቦታው ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ፣ በውጪው ሳጥን ላይ። ገጽ በጠባብ ስክሪን ወደ ጎን መንሸራተት የለበትም የሚለው የደብሊውሲኤጂ (የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ) ደንብም ለዳታ ሰንጠረዥ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፤ ስለዚህ አይፍሩ።

ሮል ግሪድ የሚባለውን ደግሞ አይንኩት። ስሙ ሲሰማ ለሰንጠረዥ የተሠራ ይመስላል። ግሪድ ግን ተጠቃሚው ውስጡ ለሚሠራበት ነገር ነው፤ እንደ ኤክሴል ሴል የሚመረጥበትና የሚስተካከልበት። ግሪድ ካሉት የቀስቶቹን ሥራ ሁሉ በጃቫስክሪፕት የመጻፍ ግዴታ ይመጣብዎታል። ለሚነበብ ቁጥር አያስፈልግም።

ባዶ ሴል ሌላው ወጥመድ ነው። የሚያየው ሰው ባዶውን አይቶ ይገምታል፤ ሰሚው «ባዶ» ይባላል ወይም ዝምታ ይሰማል። ዜሮ ነው? መረጃው አልተሰበሰበም? ወይስ በዚያ ዓመት ሥልጠናው አልተሰጠም? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ዜሮ ከሆነ 0 ይጻፉ፤ ካልተሰበሰበ «መረጃ የለም» ይበሉ። ሰረዝ አይጠቅምም፤ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይታለፋል። ቀለምም እንደዚሁ ነው። ዕቅዱን ያላሟላው ቁጥር ቀይ ከሆነ ቀዩ አይሰማም፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ከዕቅድ በታች» የሚል ጽሑፍ ይግባ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ከሰንጠረዥ ውጪ ቢሆንም። የገጹን ቋንቋ የሚናገረው ላንግ አትሪቢዩት ኤኤም (አማርኛ) መሆኑን ያረጋግጡ። ከአብነት ገጽ የተቀዳ ኮድ ብዙ ጊዜ ኢኤን (እንግሊዝኛ) እንደያዘ ይቀራል። ያኔ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ሊሞክር ይችላል። ርዕሱ ቢስተካከል ምን ዋጋ አለው?

ስለ ተለየው ገጽ። ለባልደረባዎ ብቻ የሚሆን የጽሑፍ ገጽ በመጀመሪያው ቀን ትክክል ይሆናል። በሦስተኛው ወር ዋናው ገጽ ታድሶ እሱ ይረሳል። በዚያ ላይ ሁለት ባልደረቦች ስለ አንድ ሰንጠረዥ ሲነጋገሩ የተለያየ ነገር ፊታቸው አለ፤ «ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው» ማለት አይችሉም። ዳታውን በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ፋይል ተጨማሪ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ጥሩ ነው። ብዙ ዓይነ ስውራን ባለሙያዎች ቁጥርን ኤክሴል ላይ መሥራት ይመርጣሉ፤ መለየትና መደመር ይችላሉና። ብቻ ፋይሉ ከገጹ ሰንጠረዥ ይጨመር እንጂ አይተካው። የተዋሃዱ ሴሎችንም ወደ ፋይሉ ይዘው አይሂዱ፤ እዚያም ያው ችግር ናቸው። ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ታግ ያልተደረገበት ፒዲኤፍ ውስጥ ሰንጠረዥ የለም፤ የተበተነ ጽሑፍ ነው። የሰንጠረዥ ፎቶ የሚለጥፉትን እንተዋቸው።

ደንቡን ለሚጠይቅ አለቃ፦ በ2008 የወጣው ደብሊውሲኤጂ 2.0 በመስፈርት 1.3.1 በእይታ የሚተላለፍ መዋቅርና ዝምድና በኮድም እንዲኖር ይጠይቃል። በ2018 በወጣው 2.1 እና በ2023 በወጣው 2.2 ውስጥም አለ። ደረጃው ኤ ነው፤ ማለትም ከሁሉ ዝቅተኛው። ቅንጦት አይደለም።

ከጨረሱ በኋላ በራስ ሰር መፈተሻ ብቻ አይመኑ። መፈተሻው ቲኤች እንደሌለ ወይም ሄደርስ ወደሌለ አይዲ እንደሚያመለክት ይነግርዎታል። «ሴት» የሚለው ርዕስ ከወንዶች ቁጥር ጋር ቢታሰርም ግን ምንም አይልም። ኤንቪዲኤ በነጻ ይወርዳል፤ ኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑት። ስክሪኑን ያጥፉ። በቲ ወደ ሰንጠረዡ ይግቡና በኮንትሮል፣ ኦልትና ቀስቶቹ መሐል ድረስ ይሂዱ። በቀስት ብቻ ወደ ታች እያነበቡ አይፈርዱበት፤ ያ ሴሎቹን በተራ ማንበብ እንጂ ሰንጠረዥ ውስጥ መንቀሳቀስ አይደለም። ባልደረባዎም በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ ይጠይቋቸው፤ ትእዛዞቹን ያልለመደ ተጠቃሚም አለ።

ከዚያ ለባልደረባዎ ያቅርቡት። «ይሠራል?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ ሰው ላለማስቀየም «አዎ» ይላል። የሚመለስ ጥያቄ ይስጧቸው፦ «በኤሌክትሪክ ዘርፍ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ሴቶች ከወንዶች የበለጡት በየትኛው ደረጃ ነው?» ዝም ብለው ያዳምጡ። በመሐል ወደ ላይ ወጥተው ርዕሱን ለማየት ከተመለሱ፣ የተመለሱበት ሴል ላይ የጎደለ ወይም የማይገባ ርዕስ አለ። እሱን ያስተካክሉና በሌላ ጥያቄ ይድገሙት።